አድማሴ ምን ይሰማል?

ኅዳር 7 ቀን 1974
አንደኛ ክፍሎች ዛሬ ስለ ዓይን ጨረሱ። ቀጥሎ ጆሮ ነው። ጣሳና ሽምብራ ማዘጋጀት አለብኝ።
ከኮን ከተማ የተዛወረው መምህር አድማሴ ዛሬም ክፍሌ በር ላይ ቆሞ ነበር። አፍ አፌን ያየኛል። ምን ፈልጎ ነው?

ኅዳር 8
ከሦስተኛ ክፍሏ መምህርት ከባንችይርጋ ጋር ግቢ ውስጥ ስናወራ መጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመ። ወሬያችንን አቋረጥን። ሲሄድ ከኋላው "ደህና ዋል" አልኩት። ዞርም አላለ። ንቀት ነው?
"ጆሮ ጠቢ ሳይሆን አይቀርም" አለችኝ። "አፍሽን ጠብቂ።"
ወንድሜ ምናለ ጫካ ገባ ከተባለ ወዲህ ትክ ብሎ ያየኝን ሰው ሁሉ እጠረጥራለሁ። በእሱ ምክንያት ይሆን ይህን ሰው የላኩብኝ?

ኅዳር 10
አላስችል አለኝ። ዳይሬክተራችን ጓድ ሙሉሃብት ቢሮ ገባሁ። የምናለን ነገር እንዴት ላንሳው... ሌላ ሰበብ ፈጠርኩ።
"አድማሴ ክፍሉን እየተወ በየሰው በር ይቆማል" አልኩ። እውነት አይደለም። የሚቆመው በትርፍ ሰዓቱ ነው።
ጻፈው። "ከአውራጃ ተቆጣጣሪ እናስመጣለን። ካልሆነለት ይሰናበታል።"
እንዲዛወርልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት...

ኅዳር 11
የጆሮ ትምህርት። የልጆቹን ዓይን ተራ በተራ በነጠላዬ እያሰርኩ፣ ሽምብራ ያለበትን ጣሳ እያንኳኳሁ "ከየት መጣ?" እላለሁ። በጣታቸው ያሳያሉ። አንድም የሳተ የለም።
አድማሴ በሩ ላይ ነበር። ትንሿ ብርቅዬ እጁን ይዛ ጎተተችው። "ጋሼም ይታሰሩ።" ልጆቹ ሁሉ ያዙት። እምቢ ማለት አልቻለም። አሰርኩት።
ብርቅዬ ከጀርባው ሆና አንኳኳች። ጣቱን አላነሳም። ወንበር ላይ ወጥታ ጆሮው ሥር ደገመች። ፈገግ እንዳለ ቆሟል። ልጆቹ የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ።
ነጠላውን ስፈታለት ፊቱ አመድ መስሏል።
ልጆቹ ሲወጡ ነገረኝ። አምና ማጅራት ገትር ይዞት ነበር። እሱ ተረፈ፣ ጆሮው አልተረፈም። የሰው ከንፈር እያየ ነው የሚኖረው።
"አንቺ ለልጆቹ ብለሽ ቀስ ትያለሽ። አንቺን እያየሁ ነው የምለማመደው። እባክሽ እንዳይሰማብኝ፤ እንጀራዬ ነው።"
ምን አደረግሁ?

ኅዳር 14
ለጓድ ሙሉሃብት "ተሳስቼ ነው" አልኩት።
"ማን አስፈራራሽ?" አለኝ። ለአውራጃ የጻፈው ደብዳቤ ሄዷል።
እውነቱን ብናገር አድማሴ ይባረራል። ዝም ብልም...

ኅዳር 18
ተቆጣጣሪው ከጋሸና በጭነት መኪና መጣ። በቀጥታ ወደ አድማሴ ክፍል። ልጆቼን ለጨዋታ ለቅቄ በሩ ላይ ቆምኩ። በሩ ከሰሌዳው ጎን ነው።
አድማሴ ሲጽፍ ተቆጣጣሪው ከጀርባው ቆሞ "ስንት ተማሪ አለህ?" አለ። እኔ ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ ደገምኩለት።
"አርባ ሦስት" አለ አድማሴ።
አምስት ጥያቄ እንዲህ አለፈ። ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ።
"ምን ፈለግሽ?"
"ጠመኔ ልዋስ ነበር።"
ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ስለ እኔ ይሆን? ብቻ አድማሴ አለፈ። ይቆያል።
ሰው ሲሄድ ልናዘዝለት ብዬ "አድማሴ፣ አንድ ነገር..." ስል አቋረጠኝ።
"አውቃለሁ። ያን ቀን ለዳይሬክተሩ ስትነግሪው በመስኮቱ ከንፈርሽን አይቻለሁ።"
አንገቴን ደፋሁ። መሬት መሬት እያየሁ አጉተመተምኩ።
"ቀና በይ" አለኝ። "የምትይው አይታየኝም።"