የሙክታር ደም በአንተ ስም

አብዱሬ፣ የልጄ አባት፣

አንተን ከቀበርን ሰባት ወር ሆነን። ረመዳኑም ያለ አንተ ገባ፣ ያለ አንተ ወጣ። ደብዳቤ ስጽፍልህ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንድ ቤት እያደርን ምን ያጽፈኝ ነበር? ናፍቆቴን ልነግርህ ነበር ያሰብኩት። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ናፍቆቱን ንዴት በላው። ወላሂ፣ ብትኖር የሳቢያን ሰፈር ሁሉ እስኪሰማ ነበር የምጮህብህ።

ቤቱ ደህና ነው። ልኳንዳውን ወንድምህ ሙክታር ይዞታል። እኔም እዚያው ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌቴ ላይ ነኝ። ፍየሎቹ በረት ደጅ ታስሮ የነበረው ውሻህ ተወስዷል። አሁን ከታረደ ፍየል ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ሲወጣ ሙክታር እንደ አንተ ለውሻ አይወረውርም፣ ቆፍሮ ይቀብረዋል። አንተን የያዘህ በሽታ በዚያ በኩል እንደሚዞር ዶክተሯ ነግረውናል። ውሻው ያንን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ በእጃችን አድርጎ ወደ አፋችን ይገባል፣ ከዚያ እኛም ጉበት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ሂክማን ላስመረምራት የወሰድኳት ለዚህ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከዚያ ውሻ ጋር ስትላፋ አይደል ያደገችው?

መርፌ እንዴት እንደምትፈራ ታውቃለህ። ላብራቶሪ ገብተን ባለሙያዋ ክንዷን በላስቲክ ስታስርላት፣ ልጅህ እጇን መንጭቃ እንደ አባዬ ለእኔም አጎቴ ሙክታር ደም ይስጥልኝ አለች። ሳቅኩ። የልጅ ወሬ ነው የመሰለኝ። እሷ ግን አልቀለደችም። አባዬም እኮ መርፌ ስለሚፈራ አጎቴ ነው የሰጠለት፣ እኔና አባዬ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ሆነን ጠበቅነው፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ ብሎ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛልኝ አለችኝ።

ባለሙያዋ መርፌዋን እንደያዘች እኔን ታያለች።

ከዚያ በቀጥታ ልኳንዳው ሄድኩ። ሙክታር ቢላውን አስቀምጦ መሬት መሬት አየ። ከጉበት ኦፕራሲዮንህ በኋላ ትል ያለበት ሰው ሥጋ ይሸጣል እየተባለ ደንበኛ ይሸሽህ እንደነበር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ያላወቅኩት፣ የደም ምርመራው ቀጠሮ ሲደርስ እሱ በአንተ ካርድ፣ በአንተ ስም ገብቶ ደሙን መስጠቱን ነው። ወንድሜ ለመነኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ ብሎ አለቀሰ። አላዘንኩለትም።

ለካ ለዚህ ነው ያን ቀን ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ ስልህ፣ አትምጪ፣ ፈቃድሽን አታባክኚ ያልከኝ። እኔ ደግሞ አሰበልኝ ብዬ!

አንተ ውጤቱ የቄራ ማህተም መሰለህ። ጭኑ ላይ ማህተም ካረፈ ሥጋው ይሸጣል፣ ማንም ምንም አይልም። ወረቀቱን ከሥጋው ዋጋ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍከው፣ ደንበኛውም ተመለሰ። አቦ፣ የሰው ደም እንደዚያ ነው እንዴ? ፊታችን ነው እኮ የተነገረን። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደሙ ውስጥ ያለው የበሽታው ምልክት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መልሶ ከወጣ ግን በሽታው ተመልሷል ማለት ሊሆን ይችላል ተብለን ነበር። ዶክተሯ ያንን ውጤት ሲያዩ ግር አላቸው። እንዲህ ቶሎ ሙልጭ ብሎ አይጠራም፣ ለማንኛውም አልትራሳውንድ ተነሳ አሉህ። ደሜ ከጠራ ሌላ ምን ቀረ ብለህ ሳትነሳ ቀረህ። እኔ ሞኟ ደግሞ የዱዓ ነው ብዬ መለስኩላቸው።

ጎረቤቱን ጠርቼ ሰደቃ አወጣሁ። ሩዙን በሰፊው ትሪ አቅርቤ አልሐምዱሊላህ ስል፣ አንተም ሙክታርም ዓይኔን እያያችሁ ጎረሳችሁ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለደንበኛ ብትዋሽ፣ እሺ፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው እላለሁ። እኔን ምን አድርጌህ? ቁስልህን ያጠብኩት እኔ፣ ኪኒንህን ሰዓት ጠብቄ ያስዋጥኩህ እኔ!

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሥጋ ከመኪና ስታወርድ አንዱ የበሬ ጭን ጎንህን መታህ። ሰውነትህ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮህ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ ቀረህ። ጉበቱ ላይ ተመልሶ የበቀለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ፈንድቶ ነው ሲሉኝ፣ ደሙ ጠርቶ ነበር እኮ ብዬ ተከራከርኳቸው። ስላንተ ሽንጤን ገትሬ ነው የተከራከርኩት።

የሂክማ ውጤት መጥቷል። አለባት፣ አብዱሬ። አልትራሳውንዱም ጉበቷ ላይ ትንሽ ከረጢት አሳይቷል። ገና ትንሽ ስለሆነ በኪኒን ይሞከራል፤ ደሟም አልትራሳውንዱም በየጊዜው አብረው ይታያሉ። የደሙ ምልክት ቶሎ ባይወርድ አትደንግጡ ብለውናል። እኔ እንደሆንኩ ከእንግዲህ ቶሎ የጠራ ነገር አላምንም። እያንዳንዱ መርፌ ሲገባ እጇን ይዤ ቆሜ አያለሁ።

አባዬ ራሱ ቢሰጥ ኖሮ አይሞትም ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ ልጄ፣ ግን እናውቅ ነበር አልኳት። ሚስጥርህን መጠበቋ ጥፋት እንዳልሆነ ደጋግሜ ነገርኳት፣ ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም። ይሄንንም በዚህች ልጅ ትከሻ ላይ ጥለህ ሄድክ።

ጀናዛህ ከቤት ሲወጣ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት ተብሎ ነበር። ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሜ አፉ ብዬዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን አልመልሰውም፤ ያኔ ለማውቀው ሁሉ ነው። ይሄኛውን ውሸትህን ግን አላውቀውም ነበር። አላህ እንዲምርህ በየሶላቴ እለምንልሃለሁ፣ አላቋርጥም። የእኔን አፉታ ግን ጠብቅ። ልጅሽ ዳነች የተባልኩ ቀን እሷን ይዤ መቃብርህ ድረስ መጥቼ አፉ ማለቴን እነግርሃለሁ። እስከዚያ እንዴት ብዬ እረሳሃለሁ?

የሂክማ እናት