የነፃነትን ዋዜማ የተረኩልን የእትዬ ከዚያስ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ነፃነት ከመታወጁ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በቅኝ ገዢዎቹ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ከነበሩት አባታቸውና በልብስ ስፌት ከሚተዳደሩት እናታቸው፣ ከወደቡ መጋዘኖች ጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ።

ትምህርት የጀመሩት የገዢዎቹ ነገሥታት ስም በቃል በሚወረድበት ክፍል ነበር። «የእነሱን ሰባት ቤት ስንቆጥር የራሳችንን አያት አናውቅም ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደተመረቁ በሴቶች ትምህርት ቤት ታሪክ አስተማሪ ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያው አልተነቃነቁም። ዓመተ ምሕረት ማስጻፍ አይወዱም ነበር። ይልቁንም በቅኝ አገዛዙ የመጨረሻ ቀን ገመዱ ተተብትቦ ባንዲራው አልወርድ ሲል፣ ገዢው ባርኔጣቸውን ይዘው በጠራራ ፀሐይ እንዴት እንደተገተሩ ይተርኩ ነበር። ደወል ሲያቋርጣቸው ተማሪዎቹ «ከዚያስ?» ብለው ስለሚጮኹ፣ ስማቸው እትዬ ከዚያስ ሆኖ ቀረ።

ከማተሚያ ቤት ሠራተኛው አባታችን ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የቅኝ አገዛዙን የመጨረሻ ዓመት ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። ባንዲራውን ያወረደውን ፖሊስ፣ የገዢውን ቤት ልብስ አጣቢ፣ ሥራ በማቆማቸው የታሰሩትን የወደብ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አነጋገሩ። ሠራተኞቹ ላይ ፍርዱ የተነበበው ግን በእናታችን አባት፣ በአስተርጓሚው አንደበት ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ይህን ሲሰሙ ከበራቸው ቆመው፣ «ገመናችንን አደባባይ ልታወጪ ነው? አፈር የለበሰ አባት ይወቀሳል?» አሉ።

እናታችንም፣ «ጋሼ፣ የሰውን አባት ስም ጽፌ የራሴን ብደብቅ፣ የጻፍኩት ታሪክ ሳይሆን ሐሜት ነው» ብለው መለሱ።

ወንድማቸው እግራቸውን ከቤቱ አነሱ። እናታችን እያለቀሱ ጻፉት። አባታቸው ፍርዱን መተርጎማቸውን አልሸሸጉም፤ ያን ዕለት ቤት ገብተው እህል አልወርድ እንዳላቸውም አልተዉም።

መጽሐፉ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ሲነበብ፣ ከተፈረደባቸው ሠራተኞች የአንዱ ልጅ ተነስተው፣ «ያንን አስተርጓሚ ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖርኩ። ዛሬም ይቅር አልኩት አልልም፤ ግን ሰው እንደነበር አወቅሁ» አሉ። እናታችን ከዚህ የበለጠ ሽልማት አልተቀበሉም።

ከዓመታት በኋላ አጎታችን ዓይናቸው ሲደክም፣ «ያን መጽሐፍሽን ይዘሽ ነይ» ብለው ላኩባቸው። እናታችን ከአልጋቸው ጎን ተቀምጠው አነበቡላቸው። የአባታቸው ምዕራፍ ሲደርስ አጎታችን እጃቸውን ያዝ አድርገው፣ «ቀስ በይ፤ እሱን ድገሚልኝ» አሉ።

እናታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና በየቤቱ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰላምን፣ ለእኛም እውነትን ከነፍቅሩ የምንናገርበት አንደበት ይስጠን።