ጋሽ ውበቱ እስኪስማሙ

ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

በጀልባ መጠገኛችን መካኒኮች ሁሉ ሳይስማሙ ምንም ደንብ አይውጣ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ውይይቱ ይቀጥላል ብዬ ጻፍሁ። የተመደበብን ካድሬ ሳይቀር ወደደልኝ።

ዛሬ ካድሬው ሥራ እንዲፋጠን ጀልባዎች ሳይፈተሹ ይውጡ የሚል ደንብ አቀረበ። ፈርተን ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ታላቃችን ጋሽ ውበቱ ብቻ፣ "ልጆቼ፣ ጣና ሰው ይበላል፤ እኔ አልስማማም" አሉ።

ካድሬው በሩን ቆልፎ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "የራሳችሁ ደንብ ነው። ሁላችሁም ሳትስማሙ ማንም አይወጣም" አለ።

እስከ ቀትር ለመንናቸው። ከዚያ ስድብ መጣ። መጀመሪያ በጥፊ የመታኋቸው እኔ ነኝ። ሌሎቹም በእርግጫና በቡጢ ተረባረቡባቸው። ካድሬው ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም። ጋሽ ውበቱ መሬት ላይ እንደወደቁ እጃቸውን አወጡ።

ደማቸውን በሐይቁ ውሃ አጥቤ፣ ደግፌ ቤታቸው አደረስኋቸው። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ፊታቸውን አይተው ጮኹ።

"ማነው እንዲህ ያረገህ?"

"ሞተር ሳስነሣ ማኒቬላው መታኝ" አሉ ጋሽ ውበቱ።

እትዬ የሺ እጄን ይዘው ሳሙት። "አንተ ባትኖርለት ምን ይውጠው ነበር፣ ልጄ?" አሉኝ።