እናትህ ያልፈረመችው ወረቀት

ልጄ ባንተአምላክ፣

በሞተች እናትህ ስም ፈርመህ ፊቷን ሸጠሃል። የበደልኸኝ ይህ ነው፤ ሰላምታው እንዳይሸፍነው አስቀድሜ ጻፍሁት።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህ ሰብለ ወንጌልስ፣ ወገቧን ተሻላት? የሐዋሳ ሙቀት ለሕፃኗ ለፍሬ ተስማማት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እህትህ ጥሩአየሁም ደህና ናት።

በኢንተርኔት ፎቶ መሸጥን በዚህ ዕድሜዬ ብቻዬን መማሬን ታውቃለህ። መጀመሪያ የላክኋቸውን፣ የሚሸጡልኝ ሰዎች ጨልሟል፣ ተንቀጥቅጧል እያሉ መለሱብኝ። እልህ ይዞኝ ፀሐይ ሳትበረታ እየወጣሁ የቢቸናን የእህል ገበያ፣ የጤፉን ክምር፣ በሬዎቹን አነሳሁ፤ ተቀበሉኝ። የሰው ፊት ያለበትን ግን ባለፊቱ ካልፈረመ አንወስድም አሉ። እናትህ ታማ ደጃፍ ላይ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ያነሳኋትን በዚሁ ተውሁት። አንተም «የይለፍ ቃሉን ይስጡኝና ላስተካክልልዎ» ስትለኝ፣ የእሷን ፎቶ እንዳትነካ ብዬ ሰጠሁህ።

ባለፈው ሳምንት አክስትህን ልጠይቅ ሞጣ ሄድሁ። ከአንድ የግል ክሊኒክ በር በላይ እናትህ በትልቅ ሸራ ታትማ ቁልቁል ታየኛለች። ከሥሯ «ኩላሊትዎን ያስመርምሩ» ይላል። ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምሁ። ሰው በሥሯ እየሳቀ ይገባል፣ ይወጣል።

የክሊኒኩን ባለቤት፣ ሚስቴ ናትና አውርድልኝ አልሁት። «አባባ፣ በፈቃድ የገዛነው ነው» አለኝ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ፋንታ ገላው ነኝ ስለው ስልኩን አገላብጦ አየና «ታዲያ የሸጡልን እርስዎ ነዎት እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ስሜ አለበት።

ቤቴ ገብቼ የምሸጥበትን ገጽ ስከፍት የፈቃዱን ወረቀት አገኘሁት። ፊርማው ያማረ ነው። እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ በአውራ ጣቷ ያተመች ሴት ናት! ቀኑም ከተዝካሯ በኋላ ነው። ፎቶውን አጠፋሁት፤ የተሸጠው ግን አይመለስም አሉኝ። ሰባት ሰው ገዝቷታል። አንዱ ሞጣ ነው፤ ስድስቱ የት እንደሆኑ አይነግሩም። ከዚያ ወዲህ ከተማ ስገባ ቀና ብዬ ግድግዳ አላይም። ካሜራውን ባነሳ ከበሬውም ከክምሩም ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት፤ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

ሰብለ ወንጌልን እግዚአብሔር ይማርሽ በልልኝ። ፍሬን ሳምልኝ። ጥሩአየሁ ሁላችሁንም ናፍቃለች።

ለእናትህ ፍትሐት አስደርግ፤ ይቅርታውን ከእሷ ጠይቅ እንጂ ከእኔ አትጠብቅ። ለፋሲካ ብትመጣ ቤቱ ቤትህ ነው፤ እንበላለን፣ እናወራለን። ይህን ነገር ግን በፊቴ ብታነሳው አልመልስልህም። እኔም ዛሬ ጽፌዋለሁ፤ እስክሞት ድረስ ከአፌ አይወጣም።

አባትህ ፋንታ ገላው
ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.