ያልገለበጥኩት ገጽ

ሰኞ

ሐያትን በር ዘግቼ አባረርኳት እየተባልኩ ነው። ሐሰት። በሬን ዘግቼባት አላውቅም። ያደረግኩት ከዚያ የባሰ ነው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሐያት የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው የከድር ልጅ ናት። የኅብረተሰብ ጤና አስተዳደር ትማራለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ለዲግሪው የሚጠየቀውን በደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋዋለች፦ ኮርሶቹ፣ የስታቲስቲክስ ፈተና፣ የጤና ጣቢያ ልምምድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ሁሉም ላይ ምልክት አድርጋለች። የቀራት አንድ ነበር፤ እዚህ ራጉኤል ጀርባ አርባ ቤት ዞራ የቤተሰቡን ቁጥርና ጤና መዝግባ መምህሯን ማስፈረም።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስለሆንኩ ዓርብ ዕለት ቅጾቹን አምጥታ ጽሕፈቷን እንዳርምላት ጠየቀችኝ። የጎረቤታችን የዘምዘም ቤት ቅጽ ላይ «ልጆች፦ አራት» ይላል። አምስት ናቸው፤ ትንሿ ከተወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ቅዳሜ መምህሯ ሊያጣራ ሲመጣ ቦኖው ጋ አገኘሁት። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ፣ የዘምዘም ልጆች አምስት ናቸው፣ ቤት ሳትገባ የሞላችው ይመስለኛል አልኩት። አርባውንም ሰረዘው።

እሷን አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ

ዘምዘም ዘንድ ሄጄ ለምን አራት እንዳለች ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ።

«እትዬ አስካለ፣ አርባ ቀን ያልሞላትን ጨቅላ ማን ለመዝገብ ይሰጣል? እርስዎ መቁጠር ይወዳሉ፤ እኛ ልጃችንን እንወዳለን።»

ዘምዘም እንዳለችኝ፣ ሐያት የሕፃኗን ልቅሶ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታ ነበር። አላስጨነቀቻትም፤ ወረቀቱን ገልብጣ የሆነ ነገር ጻፈች።

ከከድር ሱቅ የተሰረዙትን ቅጾች ለመንኩ። ሌላ ጊዜ ወንበሩን ለቆልኝ ይነሳ ነበር። ዛሬ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል ሰጠኝ። ከዘምዘም ቅጽ ጀርባ በእርሳስ፦ «አራስ ሕፃን አለች። እናት ማስቆጠር አልፈለገችም። ከአርባ ቀን በኋላ ተመልሼ እመዘግባለሁ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ በፈተና ላይ ገጽ ሳይገለብጥ ሲቀር ስቀጣ የኖርኩ እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ከአውቶቡስ ተራ ታክሲ ይዤ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ጉልበቴ ክፉኛ አመመኝ። ጀርባውን አሳየሁት። እሱም አላየውም ነበር፤ አፈረ።

«ማዘር፣ ዓርብ ጠዋት አምስት ቤት ድጋሚ አያለሁ። ከቅጹ ጋር ከተስማማ እፈርማለሁ። የተመራቂዎች ዝርዝር ግን ዓርብ ማታ ይዘጋል» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። 

ሐሙስ

ትናንት በደስታዬ ቸኩያለሁ፤ ነገ ለመምህሩ ማንም በሩን አይከፍትም። እንዲከፍቱለት ልለምን በየቤቱ ዞርኩ። ሐያትን አምነው የነገሯትን እኔ መንገድ ላይ አወጣሁት፤ አሁን ወረቀት ለያዘ ሰው መናገር አይፈልጉም። አንዷ፣ ልጆቿን ያስተማርኩላት፣ ስገባ ጨቅላዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከእኔ!

ዘምዘም ብቻ መንገድ አሳየችኝ። ቅዳሜ የተናገርኩበት ቦታ ቆሜ፣ ቅዳሜ የሰሙት እየሰሙ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ካልኩ ትከፍታለች። ሌሎቹም እሷን ያያሉ።

ሲመሽ ሐያት በራፌ ላይ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።»

 ይቅርታ እንኳ በወጉ አልወጣኝም። ሄደች።

ነገ፦

ሴቶቹ ውኃ ሳይቀዱ ቦኖው ጋ መድረስ።
ስህተቴን ሳላሳጥር፣ ምክንያት ሳልጨምር መናገር።
መምህሩን ዘምዘም በር ላይ መጠበቅ። ቢከፍቱለትም ባይከፍቱለትም።

ከሁሉ በፊት ግን የሐያትን በር ማንኳኳት፤ ይህን እንዳደርግ ትፈልግ እንደሆነ እሷን መጠየቅ።