ዘጠና ስድስተኛው የት ገባ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ጠዋት 3 ሰ.

ዛሬም ዘጠና አምስት። ሣራ ሻይዋን ሳትጠጣ ላፕቶፗን ከፍታ የቢሮውን ማሽን ከቤት ሆና አስነሳች። ቆመ። ጂዶ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ እንዳትናገር አለችኝ። ገና አፌን አልከፈትኩም።

ደብተሬ፣ ላስረዳሽ፤ እኔም የገባኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ማሽኗ ዘጠና ስድስት አንጎል አላት። ኮር ይሏቸዋል። ስትበራ መጀመሪያ አንዱ ብቻ ይነቃል፣ አለቃው። እሱ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል። እያንዳንዱ ሲነቃ በአንድ የጋራ ቁጥር ላይ አንድ ይደምራል። 96 ሲሞላ አለቃው ያላ ይላል፣ ሥራ ይጀመራል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ከርነል የሚሉት የሥርዓቱ እምብርት ነው። የጻፈችው ሣራ ናት፣ የልጄ ልጅ። ቁጥሩ 95 ላይ ይቆማል። አለቃው ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ሌላ ነገር የለም። አራት ኮር ባላት ትንሽ ማሽን ላይ ግን እንከን የለውም።

ዘጠና አምስቱ ከተነሱ አንዱን ተይው፣ ሽማግሌ ይሆናል፣ ይተኛበት አልኳት። አልሳቀችም።

ሐሙስ 6። ከቀኑ 7 ሰ.

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የቢሮው ባለቤት ኡስታዝ (እዚህ አቶ ማለት ነው) ፋዲ ማክሰኞ እንግዶች ይመጣሉ ብሏታል። ካህረባ፣ መብራት ማለት ነው፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል (ለመጥፋቱ በዚህ ዐረብ አገር ዝግጅት አያስፈልግም)፤ ማሽኗ ማንም ሳይነካት በራሷ መነሳት አለባት። ካልተነሳች ሥራው ለውጭ ሰዎች ይሰጣል። ሣራም ኸላስ፣ አለቀላት። ያኔ እንደ ጓደኞቿ አገር ለቃ ትሄዳለች። ለእኔ አልነገረችኝም። ለእናቷ ስትነግር ሰማሁ። ጆሮዬ የሚደነቁረው ለማይጠቅመኝ ነገር ብቻ ነው።

ዓርብ 7። ከቀኑ 10 ሰ.

ጉድ! የጠፋውን ለመያዝ ብላ እያንዳንዱ ኮር ሲነቃ “ነቅቻለሁ” ብሎ ስክሪኑ ላይ እንዲጽፍ አደረገች። ተነሳች! አምስት ጊዜ ሞከረች፣ አምስቴም ተነሳች። ጽሑፉን አጠፋችው። 95። አንዴ እንዲያውም 94። ሲያዩት ይሠራል፣ ዞር ሲሉ ይለግማል።

ስልክ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ሳጥን ነበረን። ክዳኑን ስንከፍት ብልሽቱ ይጠፋል። ክፍቱን ትተነው ሄድን፤ አንቺም ጽሑፉን ተይው አልኳት። ጂዶ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ምክንያቱን ካላወቅሁ ሌላ ቀን ይመለስብኛል አለች። ትክክል ናት። ያ ሳጥን ክረምት ላይ ውኃ ገባበት። ይህን አልነገርኳትም።

12 ሰ. — አጠፋሁ፣ ደብተሬ። በዘጠና ስድስተኛው ኮር ስም የሐኪም ፈቃድ ጻፍኩ። “ወገቡን አሞታል፣ ሦስት ቀን ይረፍ”፣ ፊርማ፣ ማኅተም በጠርሙስ ክዳን። ላፕቶፗ ላይ ለጠፍኩት። አየችውና አለቀሰች። እኔ እንድትስቅ ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ። እራት ላይ ጸጥ አልኩ፤ ልጄ ታመምክ ወይ ብላ ግንባሬን ነካችኝ።

እሑድ 9። ከቀኑ 11 ሰ.

ከጠሪቅ ኤል ጅዲዴ መመለሴ ነው። የአገራችን ልጆች፣ የቤት ሠራተኞቹ፣ ማኅበር ቀን። ሃያ ሦስት ናቸው፣ አብዛኞቹ ማዳም ቤት የሚያድሩ፣ ያለቻቸው እሑድ ብቻ። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደንባችን አንድ ነው፤ ሁሉም ሳይገባ ድስት አይከፈትም። የቀረች ካለች ማዳሟ ቆልፋባት ይሆናልና እንፈልጋታለን።

የምንሰበሰብበት የአባላችን የሐያት ቤት ሁለት በር አለው። እኔ በዋናው፣ ሐያት በወጥ ቤቱ። መሀል ግድግዳ ላይ ሰሌዳ። አንዷ ስትገባ የበሩ ሰው ሄዶ ቁጥሩን ያያል፣ አንድ ጨምሮ ይጽፋል።

ሃያ ሁለት ሆነ። ቆመ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ማን ቀረች? የሚያውቅ የለም። ሰሌዳው ስንት እንጂ ማን አይልም። ዘሃራ፣ የወሎዋ፣ ከሁሉ ብሳ ተጨነቀች። በረንዳ ወጥታ በስልክ “እህቴ አንቺ ነሽ እንዴ የቀረሽው?” እያለች ስትደውል የደወለችላት ስልክ ከኋላዋ ሶፋ ላይ ይጮኻል። በመጨረሻ ራስ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት! ሁሉም ገብተዋል፤ አንዷ እንዲያውም ሳምቡሳ ሰርቃ በልታለች።

ዘሃራ በእኔ በር፣ ሌላዋ በሐያት በር፣ እኩል ገብተው ኖሯል። እኔ 14 አየሁ፣ ሐያትም 14 አየች። እኔ 15 ጻፍኩ፣ እሷም በላዩ 15። “አባባ፣ አንተን ጸሐፊ ካደረግን ጀምሮ እየቀነስን ነው” ብለው ሳቁብኝ። ይገባኛል።

12 ሰ. — ይህን ለሣራ ነገርኳት፣ የዓርቡን ለመካስ። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። እንደገና በል አለችኝ። አልኩ። ሁለታችሁም 14 አያችሁ? አዎ። ሁለታችሁም 15 ጻፋችሁ? አዎ አልኩሽ፣ አታሳፍሪኝ። ግንባሬን ስማኝ ሮጠች። ሾርባው ቀዘቀዘ።

ሰኞ 10። ረፋድ።

ገባኝ። ዘጠና ስድስተኛው አልቀረም። ሁሌም ገብቶ ነበር። ሁለት ኮሮች እኩል ደርሰው ያንኑ አንድ ቁጥር አይተው ያንኑ አንድ ድምር ይጽፋሉ፤ አንዱ ይዋጣል። አራት ሲሆኑ አይገጣጠሙም። ሲጽፉ ደግሞ ለስክሪኑ ተራ ስለሚጠብቁ አንድ በአንድ ይመጣሉ። ለዚህ ነው ሲያዩት የሚሠራው።

እንደ ሰሌዳችን ጠመኔውን አንድ ብቻ አድርጊው፣ የያዘው ብቻ ይጻፍ አልኳት። እሱም ይሠራል አለች፣ ግን የተሻለ አገኘች። የጋራውን ቁጥር ጭራሽ አነሳችው። ለእያንዳንዱ ኮር የራሱ ሳጥን፤ ሲነቃ የራሱን ብቻ ምልክት ያደርጋል፣ የማንንም አይነካም። አለቃው ሳጥኖቹን ያያል። የቀረ ካለ ማን እንደሆነ ያውቃል።

አርባ ጊዜ አስነሳቻት። አርባ ጊዜ። የፈቃዱን ቅዳጅ ከኪሴ አውጥታ በፕላስተር ገጣጥማ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ማክሰኞ 11። ከቀኑ 8 ሰ.

እንግዶቹ ቢሮ ገብተዋል፣ ሣራ ጽፋልኛለች። ካህረባ ጠፋ። በሰዓቱ፣ እግዜር ይስጠው። ስልኬን አጠገብሽ አስቀመጥኩ፣ ደብተሬ።

8:20 — የለም።

8:35 — መጣ። ስልኬን እያየሁ ነው። ምንም።

8:41 — ሣራ፦ “ጂዶ። 96።”

ልጄ ጮኸች። እኔ አላለቀስኩም፣ መነጽሬን ነው የጠረግሁት።

9 ሰ. — ወሰንኩ። የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ቁጥር መጻፍ ቀረ። ስም ዝርዝር ይሰቀላል፤ እያንዳንዷ ስትገባ በስሟ ፊት ራሷ ምልክት ታድርግ። አሁኑኑ ጀመርኩ። ሐያት። ዘሃራ። ጽጌ። መዲና። ሃያ ሁለት ጻፍኩ፣ ቆምኩ።

የማዳሟን ውሻ ይዛ ራውሼ፣ ባሕሩ ዳር የምትሄደዋ ቀረች። ሦስት ዓመት “የራውሼዋ” እያልን ስንጠራት ስሟን አልጠየቅንም። ማዳሟ ያወጣችላትን ስም አውቃለሁ፣ እሱን አልጽፍም። ለሐያት ደወልኩ፤ እሷም አታውቅም።

ውሻውን የምታወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው። ከእኛ ሰፈር ከአንጠልያስ ራውሼ ደርሼ ስሟን ከራሷ ለመስማት አሁን መነሳት አለብኝ። ጫማዬ የት