ፊንባርን ወደ መርከቧ ያስጠሩት

አቶ ኮርኔሊየስ ሄፈርናን ከአባታቸው ከአቶ ጀረማያ ሄፈርናንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሆኖራ፣ በታዝማኒያ ደሴት በሳይግኔት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1920 ተወለዱ። በመነኮሳት ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ከተማሩ በኋላ፣ አባታችን ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው የፖም እርሻውን ተረከቡ። ቁጡ ነበሩ፤ ቂም ግን አያውቁም። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ብሪጂድ ነኝ።

በ1940 ባሕር ኃይል ገብተው በአንዲት አጃቢ የጦር መርከብ ላይ መድፈኛ ሆኑ። በ1942 ለዕረፍት ሲመጡ ታናሽ ወንድማችን ፊንባርም ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ምድቡን ይጠብቅ ነበር። ያኔ ታላቅ ወንድም አዛዡን ለምኖ ታናሹን ወደ ራሱ መርከብ ማስዛወር ይችል ነበር። እናታችን ራት ላይ «ከጎንህ አድርገህ ጠብቅልኝ» አሏቸው።

«እማዬ፣ መርከቧ ከተመታች ሁለታችንም እንሞታለን። አንዳችን እንኳ እንትረፍልሽ እንጂ!»

«እንግዲያው እናት የለኝም በል!» ብለው እናታችን ከገበታው ተነሡ። ወንድሜ እንደተመለሱ አዛዡን ለመኑ፤ ፊንባርም ወደ እሳቸው መርከብ ተዛወረ። እኔ እዚያው ገበታ ላይ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በ1943 በኒው ጊኒ አቅራቢያ መርከቧን አውሮፕላን በቦምብ መታት። ፊንባር ታች ሞተር ክፍል ነበር። ወንድሜ ባሕር ላይ ተወርውረው፣ ዘይት እየዋጡ ስሙን ሲጣሩ ድምፃቸው ተዘጋ። እሳቸውን ሌላ መርከብ አወጣቸው። ፊንባር አልወጣም፤ ሃያ ዓመቱ ነበር።

ቤት ሲመጡ እናታችን በር ላይ ቆመው፣ «ልጄን ማን አምጣው አለህ?» አሏቸው። ረስተውት ይሁን፣ ሐዘኑ አእምሮ ነሥቷቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ አፌን ስከፍት ወንድሜ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። «ብሪጂ፣ ተያት። ይህን ካወቀች አታድርም። እኔ በሕይወት እያለሁ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ፖም እየለቀሙና እያሸጉ ኖሩ። በ1949 ወይዘሮ ቤሪልን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። እናታችን ሠርጋቸው ላይ አልተገኙም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ወንድሜ ሲቀመጡ ተነሥተው ሌላ ወንበር ይፈልጉ ነበር። ከተማው «ወንድሙን ያስበላ» አላቸው። መጠጥ የበረታባቸው ክፉ ዓመታትም ነበሩ፤ ቤሪል ታውቃለች።

በ1969 እናታችን ሲያጣጥሩ ወንድሜን አስጠርተው በቤት ስማቸው ጠየቋቸው። «ኮን፣ ፊንባርን አስመጣው ያልኩህ እኔ ነበርኩ እንዴ?»

«ኧረ የለም እማዬ። በገዛ ፈቃዴ ነው።»

«እንግዲያው ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። ወንድሜም አመስግነው እጃቸውን ሳሙ።

አቶ ኮርኔሊየስ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኦገስት 11 ቀን 1998 በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከእንግዲህ አይዘኝም። ስታሟቸው የኖራችሁ ሁሉ፣ ፊንባርን ያስጠሩት እናታችን እንደነበሩ አውቃችሁ የሬሳ ሳጥናቸውን ተሸከሙ።

አምላክ ነፍሳቸውን በፊንባር አጠገብ ያሳርፍ። እናታችንም እዚያ ሲያገኟቸው፣ በዚህ ጊዜ ይቅርታ ጠያቂዋ እሳቸው ይሁኑ። አሜን።